ኩኩሪው በአባቴ እጅ

የኔፓሉ ቢላ ኩኩሪ ይባላል። ከአፎቱ ሲመዘዝ አፎቱን የሚይዘው እጅ በጀርባው በኩል ብቻ ነው መሆን ያለበት፤ በስለቱ በኩል የያዘ ሰው የአፎቱ ቆዳ ይሰነጠቅና ጣቱ ይቆረጣል። ይህን ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አሜሪካ፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ ስድስት አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት አብረን ኬርጊቨር ወይም አስታማሚ ሆነን እንሠራለን፤ እሱ ከኔፓል ነው፣ እኔ ከአዲስ አበባ። ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን በልተው ሲያሸልቡ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለን ስለየአገራችን እንዋሻለን። እውነቱን ለመናገር የምዋሸው እኔ ነኝ። እሱ የሆነውን ነው የሚያወራው።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ርዝመቱ ክንድ የሚያህል፣ መሃሉ ላይ ወደ ፊት የጎበጠ፣ ጀርባው የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ቢላ ነው። አፎቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቢላዎች ተሰክተዋል፤ አንዱ ስለት አለው፣ ሌላው ደነዝ ነው።

“አባቴ ነው የሠራው” አለኝ።

አባቱ ቀጥቃጭ ነው። በመንደራቸው የቀጥቃጭ ዘር የነካውን ውኃ ሌላው ሰው አይጠጣም ነበር። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አላደረገም፣ ዙሪያውንም አላየም። እኛም አገር ቀጥቃጭ ምን ሲባል እንደኖረ ስለማውቅ ዙሪያዬን ያየሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ቢላውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ይዞ ብረቱ ከየትኛው የመኪና አካል ተቆርጦ እንደተቀጠቀጠ፣ አባቱ ስንት ጊዜ እሳት ውስጥ እንደከተተው ያብራራልኛል።

“ያንተስ አባት ምን ነበር የሚሠራው?” ሲል ጠየቀኝ።

“ጣውላ ነጋዴ ነበር” አልኩ። አፌ ለምዶታል።

“እንግዲያው እንጨት ታውቃለህ!”

“በፍልጥ መሃል ነው ያደግኩት” አልኩት። ይቺ እንኳ እውነት ናት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ቤተሰቦች ወንዝ ዳር ወጥተን እሳት አንድደን፣ ሥጋ ጠብሰን ልንውል ነበር። ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። ውሰደውና ሞክርበት፣ የአሜሪካ እንጨት ላይ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ፣ እኔም ለአባቴ ደውዬ እነግረዋለሁ አለ። አያያዙን ላሳይህ ሲለኝ ግን “ኧረ ተወው፣ አውቃለሁ” አልኩት። እንዴት ነው የሚያዘው ብሎ መጠየቅ ለእኔ ሞት ነው። አላውቅም ከማለት ጣቴን ባጣ የምመርጥ ዓይነት ሰው ነኝ። ለማንኛውም አፎቱን እንዴት እንደምይዝ ብቻ በግድ አሳየኝና ተለያየን።

አባቴ ጣውላ ነግዶ አያውቅም። አባቴ እንጨት ፈላጭ ነው። ፋሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግንድ የሚሰነጥቅባቸውን የብረት ሽብልቆች በማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥሎ “ፈላጭ! የሚፈለጥ እንጨት!” እያለ ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር። ድግስ ያለው፣ ተዝካር ያለበት፣ ክረምት የመጣበት ሰው ይጠራዋል። ግቢው ውስጥ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ይጠብቀዋል፤ ሲመሽ ግንዱ ፍልጥ ሆኖ ግድግዳ ጥግ ይደረደራል፣ እሱም ላቡ አንገቱ ላይ ደርቆ ጨው ሠርቶ ወደ ቤት ይመለሳል። እናቴ ገና በጨቅላነቴ ስለሞተች ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ደብተሬ የተገዛው፣ ዩኒፎርሜ የተሰፋው በዚያ ክንድ ነው።

ትምህርት ቤቴ አባቴ የሚዞርበት መንገድ ላይ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር በሩ ላይ ቆመን ስንሳሳቅ ድምፁ ከታች መጣ። “ፈላጭ! የሚፈለጥ እንጨት!” ከመሃላችን አንዱ ቀልደኛ ድምፁን ጎርነን አድርጎ አስመሰለው። ሁሉም ሳቁ፣ ሁሉም ተራ በተራ አስመሰሉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ አስመሰልኩ። ከሁሉም የተዋጣልኝ እኔ ነበርኩ፤ ሌት ተቀን የምሰማው ድምፅ ነው። ከዚያ አባቴ ጥግ ታጥፎ ብቅ ከማለቱ በፊት በሩ አጠገብ ካለው ሱቅ ኋላ ገብቼ ተደበቅኩ። አላየኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም። በታች ሰፈር በኩል የተሻለ ደንበኛ አግኝቶ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

በዲቪ አሜሪካ እንደመጣሁ በመጀመሪያው እሑድ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ በደግነት ያዙኝና ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። አባትህ ምን ይሠራሉ አሉኝ። “በእንጨት ሥራ ነው የሚተዳደረው” አልኩ። ሐሰት የለበትም። “አሃ፣ ጣውላ ንግድ!” አሉ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ስንቁን አላውቅም፣ የእኔ ውሸት ግን እያደር ከበደ። አባቴ መጀመሪያ መደብር አገኘ። ቀጥሎ መጋዘን አገኘ። በአንድ የጋብቻ ሽምግልና ላይ እንዲያውም ሁለት የጭነት መኪና ነበረው። እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም ከተጋባን በኋላ ነው የነገርኳት።

አባቴን አምና ወደዚህ ሳመጣው ባለቤቴ “ሲመጡ ምን ልትል ነው?” አለችኝ።

“ማን ይጠይቀዋል? ስለ ጤናው ነው የሚጠይቁት” አልኳት።

እንዳልኩትም ሆነ። ስለ ጤናው፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ብርዱ ጠየቁት። እሱ ማተቡን ያልፈታ ኦርቶዶክስ ቢሆንም እሑድ እሑድ ብቻዬን ቤት ከምቀመጥ ብሎ ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናችን አብሮን ይመጣል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም በየተራ ይመርቃል። ሰው ወደደው። እኔ ግን ከአንድ ሰው ጋር ከሦስት ደቂቃ በላይ ሲያወራ ባየሁ ቁጥር ሄጄ “አባዬ፣ እንሂድ” እለዋለሁ። ምስኪኑ የምቸኩል ሰው ይመስለዋል።

እዚህ የቸገረው እንጨት ማየት ነው። ይህ አገር ጫካ ነው። ነፋስ ሲነሳ የሰፈራችን ዛፎች ይወድቃሉ፣ ሰዎች በማሽን መጥተው ቆራርጠው፣ ፈጭተው ይሄዳሉ። አባቴ ብርድ ልብሱን ደርቦ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ ያያቸዋል። አንድ ቀን በመንገድ ዳር የተጣለ ግንድ ላይ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ሲዳስሰው አገኘሁት። “ይህን የመሰለ እንጨት! ጉጥ የለበት፣ ምን የለበት” አለኝ። “ተው አባዬ፣ የሰው ነው” ብዬ እጁን ይዤ ወሰድኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። የመስከረም መጨረሻ ነበር፤ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ፣ በደረቁ በጋ የተከለከለው እሳት ማንደድ የተፈቀደበት ሰሞን። ባለቤቴ ታኮማ ሆስፒታል ሥራ ስለነበረባት እኔ፣ አባቴና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ሄድን። ከሩቅ የሚታየው ባለ በረዶ ተራራ ያን ቀን ብቅ አላለም፣ ደመና ውጦታል፤ ወንዙ ግን ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ዕቃ ሲያወርድ አንድ ነገር ጎደለ። መጥረቢያ አመጣለሁ ያለው ወንድም መጥረቢያውን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት መጥቷል። እንጨቱ ደግሞ ከአንዱ ጓሮ የወደቀ የጥድ ግንድ በክብ በክቡ የተቆረጠ ነው፤ እያንዳንዱ በርጩማ ያህላል፣ እንዲሁ እሳት ላይ ቢጥሉት አይነድም።

“ኖ ፕሮብሌም!” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ኩኩሪውን አወጣሁ።

ሰው ከበበኝ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ማንሳት ጀመሩ። እኔም ሳልጠየቅ ገለጻ ጀመርኩ፤ የኔፓል ወታደሮች የሚይዙት ነው፣ በአንድ ምት ጎሽ ይጥላል አልኩ። ማን እንደነገረኝ እንጃ። አባቴ ከጀርባ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተቀምጧል። አንገቱን አስግጎ ቢላውን ያያል።

የመጀመሪያውን ምት ሰነዘርኩ። ቢላው ግንዱ መሃል ገብቶ ተቀረቀረ። ብስበው እምቢ፣ ብነቀንቀው እምቢ። እግሬን ግንዱ ላይ አድርጌ ስጎትተው ድንገት ወጣና ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ፤ ሳቅ ሆነ። ሁለተኛውን ምት የበለጠ ኃይል ጨመርኩበት። ጉጥ ላይ አረፈና ነጥሮ እስከ ክርኔ አደነዘዘኝ። በሦስተኛው ግንዱን ጭራሽ ስቼ መሬት ላይ ያለውን ድንጋይ መታሁት፤ ብልጭታ ወጣ።

“ወንድሜ፣ እንጨቱን እየፈለጥከው ነው እያሸኸው?” አለ አንዱ።

“ኧረ ተዉት፣ እየጸለየለት ነው!” አለ ሌላው።

ልጄ ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ስለቱን ሳየው ድንጋዩን የነካበት ቦታ ታጥፏል። የሰው አባት በእጁ የቀጠቀጠውን ዕቃ በጉራዬ አበላሸሁት። ያኔ ነው ከኋላዬ የወንበሩ ሸራ ሲንቋቋ የሰማሁት።

“እስቲ አምጣው” አለ አባቴ።

ሁሉም በአንድ ድምፅ ተንጫጩ። “ኧረ አባባ ይቀመጡ!” “እኛ እያለንማ እርስዎ አይነኩም!” አንዱ ክንዱን ይዞ ወደ ወንበሩ ሊመልሰው ሞከረ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲነሳ ወጣት ዘሎ ሥራውን ይቀማል፣ ነውር ነው። አባቴ ግን በትሕትና እጁን አስለቀቀና ቢላውን ከእጄ ወሰደ።

በመጀመሪያ ምንም አልቆረጠም። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና የታጠፈበትን ቦታ አገኘ። አፎቱን አገላብጦ አይቶ ደነዙን ትንሽ ቢላ መዘዘ። ለምን እንደሚያገለግል ማንም አልነገረውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ደነዙን በስለቱ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲያስኬደው ስለቱ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ከዚያ ግንዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ አንዱን ገፋው፣ ሌላውን አቆመው። የቆመው ግንድ ፊት ላይ ያለውን ቀጭን ስንጥቅ በጥፍሩ ተከተለው። ቢላውን ስንጥቁ ላይ አጋደመና አንድ የእጅ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ አንስቶ የቢላውን ጀርባ መታው፤ በሽብልቅ እንደሚሠራው ማለት ነው። አንዴ። ሁለቴ። “እኽ!” የሚለው ትንፋሹ ወጣ። ግንዱ ለሁለት ተከፈለ።

ያን “እኽ” ከሰማሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። 

ከዚያማ ማን ያቁመው። ግማሹን ሩብ አደረገው፣ ሩቡን ፍልጥ። ቀጭኑን እንጨት በቢላው ሆድ በኩል፣ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ አጋድሞ እየመታ ቆራረጠው፤ ቢላውን ጨብጦ አይይዘውም፣ ላላ አድርጎ ክብደቱ እንዲሠራ ይተወዋል። ብርድ ልብሱ ከትከሻው ወድቋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከጭራሮው እስከ ወፍራሙ ፍልጥ በየዓይነቱ ተደረደረ። ሰው አጨበጨበ። ልጄ ሹራቧን ከፊቷ አውርዳ “አባባ ኢዝ ኦውሰም!” እያለች ትዘላለች። አምና ከመጣ ጀምሮ አባቴን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጉንጩ ቀልቶ፣ ቢላውን ወደ ላይ ይዞ “ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!” አለ።

እኒያው የመጀመሪያው እሑድ የያዙኝ ሽማግሌ ቀረብ አሉ። “አባባ፣ የሚገርም ነው! ለመሆኑ ይህን ሙያ የት ተማሩት?”

አባቴ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው፤ በኩራት ሊናገር ነው። ፊቱ ላይ ይታያል። “እኔማ አዲስ አበባ…” አለ።

“አባዬ ጣውላ ነጋዴ ስለነበር ነው!” አልኩ። ከአፉ ነጠቅኩት። “ሠራተኞቹ ሲፈልጡ እያየ ነው የለመደው።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምነው ልመልሰው በቻልኩ ብዬ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ እፎይታ ነው፣ አዳንኩት የሚል። እፍረቱ የመጣው አባቴ ዞሮ ሲያየኝ ነው። አልተቆጣም። እንጨት እንደሚያይ አየኝ፤ የት ጋ እንደምሰነጠቅ የሚፈልግ ይመስል። አገኘውም መሰለኝ፤ ምክንያቱም ዓይኑን መለሰና ለሽማግሌው እንዲህ አላቸው፦

“አዎ። ሠራተኞች ነበሩኝ። እነሱን እያየሁ ነው።”

“ስንት ነበሩ?” ሰውየው በቅን ልባቸው ነው የሚጠይቁት።

“ሰባት” አለ አባቴ። ቀኝ እጁ ወደ አንገቱ ሄዶ ማተቡን ነካ። በሕይወቱ ሙሉ በከንቱ ሲምል ያልሰማሁት፣ ለገበያ እንኳ የማይዋሽ ሰው ስለ እኔ ብሎ ሰባት ሰው ፈጠረ። ቢላውን በጥንቃቄ አፎቱ ውስጥ መለሰው፣ ለእኔ አቀበለኝ፣ ብርድ ልብሱን ከመሬት አንስቶ አራገፈና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተታቸው። የነጋዴ እጅ እንዳልሆኑ ያውቃል።

ሥጋው ሲጠበስ ፍልጡ አለቀና ጨምርልን አሉኝ። አባቴ አልተነሳም። “እሱ ይፍለጥ፣ ልጅ አይደል” አለ። እኔ ያበላሸሁት እርጥብ እንጨት ጭስ ብቻ ሆነ፤ ሰው ዓይኑን እያሸ በላ። ሽማግሌው አባቴ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ንግድ ያወሩታል፣ እሱም አጭር አጭር መልስ ይሰጣል። ሥጋውን በጎረሰ ቁጥር እጁን ቶሎ ወደ ብርድ ልብሱ ይመልሳል። ሄጄ “አይደለም፣ እንደዚህ አይደለም” ማለት እችል ነበር። እሳቱና ወንበሩ መሃል አምስት እርምጃ እንኳ የለም። አልሄድኩም። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አባቴ የሰባት ፈላጮች አሠሪ የነበረ ጣውላ ነጋዴ ነው።

ስንመለስ የፊት ወንበሩን በማቀዝቀዣ ሳጥኑና በተጣጣፊ ወንበሮቹ ስለሞላነው አባቴና ልጄ ከኋላ ተቀመጡ። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ገብተን ወደ ፌደራል ዌይ ስንነዳ ዝናቡ ጀመረ። ልጄ ከአያቷ ጋር ስታወራ አማርኛዋ ይሰባበራል፤ አንቱ ማለት አልሆነላትም፣ አንተ ነው የምትለው፣ እሱም ያን ይወድላታል።

“ሶ አባባ፣ አንተ ቦስ ነበርክ?”

“አዎ የኔ እመቤት።”

መሪውን ጨበጥኩ። ለእኔ ብሎ ለሽማግሌው የዋሸው አነሰና አሁን ደግሞ ለልጅ ልጁ ይዋሽልኛል።

“ሠራተኞች አሉህ… ነበሩህ፣ ኦኬ። በጣም ጎበዙ ማን ነበር?”

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። “አንድ ነበር” አለ።

“ምን ዓይነት?”

“አጭር ሰው ነው። ግን እንጨት ያውቃል። ግንዱን አይቶ የት ጋ እንደሚከፈት ይነግርሻል። ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳል፣ ሲመሽ ይገባል።”

“ሪች ነበር?”

“ኧረ ምን ሀብት አለው! ልጅ ነበረው። አንድ ልጅ። እሱን ሊያስተምር ነው የሚፈልጠው።”

“ልጁ ሄልፕ ያደርገው ነበር?”

“ልጁ ትምህርት ነበረበት። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሰውየው በልጁ ትምህርት ቤት በኩል እንኳ አያልፍም ነበር። እዚያ በኩል ነበር ጥሩ ሥራ የሚገኘው፣ ግቢያቸው ሰፊ የሆነ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን በታች በኩል ይዞራል። መመለሻው ዳገት ነው፣ ሥራም የለም።”

“ዋይ? ለምን?”

 ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ቀይ መብራት በዝናቡ ውስጥ ይደበዝዛል።

“አንድ ቀን እዚያ ጋ ሲደርስ፣ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የእሱን ድምፅ ሲያስመስል ሰማ። ሌሎቹም አስመስለዋል። አባት ግን የልጁን ድምፅ ይስታል? ከዚያ ልጁ እንዳይሳቀቅ ብሎ መንገዱን ለወጠ።”

“ተናደደ?”

“የለም። ልጅ አይደል እንዴ።”

ሃያ ስድስት ዓመት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተደብቄያለሁ ብዬ ስኖር አባቴ ያውቃል። የታች ሰፈር ደንበኛ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያ ዳገት ፋሱን ተሸክሞ የወጣባቸው፣ ሥራ አጥቶ የተመለሰባቸው ማታዎች፣ “ዛሬ አልራበኝም፣ አንተ ብላ” ያለባቸው ማታዎች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ። የእሱ መራብ የእኔ ጩኸት ዋጋ ነበር።

“ዛት ልጅ ኢዝ ሶ ሚን” አለች ልጄ። “በጣም ክፉ ነው።”

“ክፉስ አይደለም” አለ አባቴ። “ኋላ ደህና ሰው ወጣው።”

 ልጄን በመስተዋቱ ውስጥ አየኋት። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ የአያቷን ቀኝ እጅ አውጥታለች። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጣ በጣቷ ትዳስሰዋለች፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን የጣቶቹን ሥር፣ ሽብልቅ መትቶት ጥፍር ያላበቀለውን ሌባ ጣት።

“አባባ” አለች ቀስ ብላ፣ “የሰውየው እጅ እንደዚህ ነበር?”

አባቴ ቀና ብሎ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኔን ፈለገና አገኘው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። በሕይወቱ ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሰው ራሱ ማን እንደሆነ ለልጅ ልጁ ለመናገር እኔን ፈቃድ ይጠይቀኛል። እምቢ ብለው ኖሮ ሌላ ሰው ፈጥሮ ይነግራት ነበር። ስለ እኔ ሲል ስምንተኛውንም ይፈጥር ነበር።

“እሱ ነው” አልኩ።  “ሰውየው አባባ ነው። ሠራተኛ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ራሱ ነው የሚፈልጠው። ክፉው ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ።”

 ልጄ እኔን አላየችኝም። የአያቷን እጅ ግን አልለቀቀችም፣ እሱም ተመልሶ ሊደብቀው አልሞከረም።

“በል አሁን ፊት ለፊትህን እያየህ ንዳ” አለኝ አባቴ።